የእረኛው ቤት በካርታው ላይ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር ስለ ስፖርት የእጅ ሰዓቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ላይ፣ በትምህርት ቤታችን የመምህራን ክፍል ውስጥ፣ አንዱ እያነበበ ሌሎቻችን እያዳመጥን ጨርሰነዋል። ስለ ልብ ምት፣ ስለ እርምጃ ቆጠራና ስለ እንቅልፍ የተጻፈው ጠቃሚ ነው፤ አመሰግናለሁ። ወደ መጨረሻው ግን ካርታ የተጫነበት ሰዓት ያሰረ ሰው ተራራ ቢወጣም ሸለቆ ቢወርድም መንገድ መሪ እንደማያስፈልገው የሚናገር አንድ አንቀጽ አለ። ያን አንቀጽ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደብዳቤዬ ከረዘመ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ማሳጠሩ አልሆነልኝም።

እኔ ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር 22 ዓመት ሆኖኛል። ሰዓቱን የላከልኝ ቀድሞ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ነው። ከሰዓቱ ጋር ባስቀመጣት ወረቀት ላይ «መምህር፣ ኮንቱርን በድንች ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ይኸው አሁን እጅዎ ላይ ይሰሩት» ብሎ ጽፎልኛል። እውነቱን ነው፤ ኮንቱር ማለት በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዝ መስመር ነው። ድንቹን ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን በእኩል ውፍረት በአግድም እየቆረጥኩ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምር ነበር፤ ዛሬም የማስተምረው እንደዚያው ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዕቃውን ንቄ ወይም ጠልቼ አይደለም። ሁለት ዓመት ከእጄ አልወለቀም።

ካርታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቼ የሄድኩበት ጦሳ ነው። ደሴን የሚያውቅ ሁሉ ጦሳን ያውቃል፤ ከተማዋን በስተምዕራብ እንደ ግድግዳ የጋረዳት ተራራ ነው። ያን ቀን ማለዳ ዳገቱን ስጀምር፣ በዚያች ትንሽ ክብ መስታወት ላይ ቡናማዎቹ መስመሮች እየተጠጋጉ መጡ፤ እኔ ደግሞ ትንሽ ቀስት ሆኜ በመካከላቸው እወጣለሁ። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ትንፋሼ ያጥራል፤ ሲራራቁ ትንፋሼ ይመለሳል። በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩትን ነገር በጉልበቴ አነበብኩት። ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ ስልክ ቢሆን ኖሮ ማያው ረጥቦ ጣቴን አይሰማም፣ በዚያ ላይ አንድ እጄን ይይዝብኛል። ሰዓቱ ግን በጎኑ ባሉት ቁልፎች ይታዘዛል፤ እጅን ቀና አድርጎ ማየት ብቻ ነው። ሁለቱ እጆቼ ለዱላዬና ለድንጋዩ ቀሩልኝ። በተራራ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ነጥቤ ልግባ። ሰዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገው ያያሉ። የመጀመሪያው ሰዓቱ ያለንበትን ቦታ ማወቁ ነው። ይህን የሚያደርገው ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚላከውን ምልክት ተቀብሎ ነው። ቢያንስ የአራቱን ምልክት ካገኘ፣ ምልክቱ ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ተነስቶ ያለበትን ያሰላል። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ሳተላይቶች ሲጨመሩበት ደግሞ ስሌቱ ይበልጥ ትክክል ይሆናል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሲም ካርድም አያስፈልግም፤ ኔትወርክ በሌለበት በበሽሎ ሸለቆ ውስጥም ይሠራል። ይህ ክፍል የሚደነቅ ነው፤ ክርክር የለኝም።

ሁለተኛው በዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ ነው፤ መንገድ ነው ወይስ ገደል፣ ምንጭ ነው ወይስ የደረቀ ወንዝ። ይህን ሳተላይቱ አይነግረውም። ይህን የሚያገኘው አስቀድሞ ወደ ማኅደረ ትውስታው ከተጫነው ካርታ ነው፤ ያንን ካርታ ደግሞ የሠራው ሰው ነው። ካርታ ያላቸው አብዛኞቹ የስፖርት ሰዓቶች መንገዱንና የቦታ ስሙን የሚወስዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 እንግሊዝ አገር ከተጀመረው፣ ማንም ሰው በነጻ ሊያርመውና ሊጨምርበት ከሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ ከተባለው ካርታ ነው። አልፕስ ላይ ወይም ጀርመን ውስጥ የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች የጫካውን ቀጭን መንገድ፣ የእንጨት ድልድዩን፣ የማረፊያ ወንበሩን ሳይቀር አስገብተውበታል። ለዚያ አገር ሰው ሰዓቱ መሪ ቢመስለው አይፈረድበትም። በእኛ ወሎ ግን አስፋልቱ አለ፣ ከተማው አለ፣ ወንዙ አለ፤ ሰውና ከብት ለዘመናት የሄደበት የእግር መንገድ በአብዛኛው የለም። ከሐይቅ ከተማ ወጥቼ ሐይቁን ለመዞር የሞከርኩ ዕለት የውሃው ቅርጽ እስጢፋኖስ ገዳም እስካለበት ድረስ አምሮ ተስሎ አየሁት። ገበሬው፣ ዓሣ አስጋሪውና ገበያተኛው የሚመላለሱበት የዳርቻ መንገድ ግን አንድም መስመር አልነበረውም። በመስታወቱ ላይ እኔ ማንም ባልረገጠው ባዶ ምድር ላይ የምሄድ እመስል ነበር፤ በእውነቱ ግን በየመቶ ሜትሩ ሰላምታ እየሰጠሁ ነው የሄድኩት።

ሌላም ልጨምር። እንደ እኔው ዓይነት ሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ሂጄ ልመለስ ብትሉት ዙር መንገድ ራሱ መርጦ ይሰጣል። መንገዱን የሚመርጠው ሌሎች ሰዎች በብዛት የሮጡበትን አይቶ ነው። እዚህ ሰዓት አስሮ የሚሮጥ ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚያውቀው ዋናውን መንገድ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ አስፋልት ላይ ሊያሮጠኝ ሲል ቆሜ አየሁት። መታጠፊያውን ጭነት ያዘለ ተሳቢ መኪና ሞልቶት ይወርዳል፤ የእግረኛ ዳር የለውም። ይህን የሚያህል ነገር ካርታው ላይ አይታይም። አላደረግሁትም፤ ከተማውን የማያውቅ እንግዳ ግን ያደርገው ነበር።

አሁን የደረሰብንን ልንገራችሁ። አምና መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ 11 የጂኦግራፊ ክበብ ተማሪዎቼን ይዤ ጦሳ ወጣን። በሰፊው መንገድ ዞረን ስለወጣን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ተጉዘናል። ልጆቹ ገብሱ መካከል ቆመው ከተማዋን ቁልቁል እያዩ የየሰፈራቸውን ጣሪያ ይፈልጋሉ፤ ቧንቧ ውሃ የቱ ነው፣ ሆጤ የቱ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሳ። የወሎ ደጋ ሰው ይህን ጉም ያውቀዋል፤ መጣ ሲባል ደርሷል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመው ልጅ ጥላ ሆነ፤ ቀጥሎ ጥላውም ጠፋ። እጅ ለእጅ እንዲያያዙ አዘዝኳቸው።

ሰዓቱ «ወደ መነሻ መልሰኝ» ለሚለው ትእዛዝ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው የመጣችሁበትን ዱካ ተከትሎ ይመልሳችኋል፤ ሁለተኛው ቀጥታ መስመር ያሰምርላችኋል። በዱካው 9 ኪሎ ሜትር፣ በቀጥታው ከ2 ኪሎ ሜትር በታች ነበር። ዝናቡ መጥቷል፣ ልጆቹ በርዷቸዋል፤ ቀጥታውን መረጥኩ። በካርታው ላይ መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ ኮንቱሮቹ ጠበብ ይላሉ እንጂ የተለየ ምልክት የለውም፤ ዳገቱን ቀስ ብለን እንወርደዋለን አልኩ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄደን ይሆናል። ከጉሙ ውስጥ የጅራፍ ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው አንድ ልጅ ጮኸ።

«ጋሼ! በዚያ አይሂዱ! ገደል ነው!»

ቆምን። ልጁ በጎቹን ትቶ እየሮጠ መጣ፤ 12 ዓመት ቢሞላው ነው፤ ያረጀ ጋቢ ተከናንቦ ከላይ ፌስታል ደርቦበታል። «አምና የአጎቴ ወይፈን የገባበት ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም ድንጋይ አንስቶ ወደ ጉሙ ወረወረ። አዳመጥን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ስቆጥር ነው ድምፁ ከታች የመጣው። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ በሦስት ሴኮንድ የሚወድቅ ድንጋይ ወደ 44 ሜትር ይወርዳል። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ተመልሼ ርቀቱን በእርምጃዬ ለካሁ፤ ልጁ ባስቆመን ቦታና በገደሉ አፋፍ መካከል የነበረው 35 እርምጃ ነው። ከፊት የነበረችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሰዓቱ ገደሉን ለምን አላሳየኝም? ይህን ለማወቅ ብዙ ሌሊት አንብቤያለሁ፤ አንባቢም ሊያውቀው ይገባል እላለሁ። በእነዚህ ካርታዎች ላይ የምናያቸው የከፍታ መስመሮች በአብዛኛው የሚሠሩት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር ለ11 ቀን ምድርን እየዞረች በራዳር ከለካችው ዓይነት የከፍታ መረጃ ነው። ያ መረጃ መሬቱን እንደ ሰሌዳ ከፋፍሎ፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር ለሆነች ለእያንዳንዷ ካሬ አንድ የከፍታ ቁጥር ይሰጣል። ለሜዳ በቂ ነው፤ ለሰፊ ተራራም በቂ ነው። የእኛ ገደል ግን እንደ ቢላዋ የተቆረጠ ነው። ከላይ ያለችው ካሬና ከታች ያለችው ካሬ ሲያያዙ በመካከል ያለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ተዳፋት ሆኖ ይሳላል። ገደልን ገደል ብሎ የሚያሳይ ጥርስ ያለው መስመር በካርታው ላይ የሚኖረው ሰው ሄዶ አይቶ ካስገባው ብቻ ነው። በጦሳ በኩል ያን ቦታ ያስገባ ሰው አልነበረም።

ልጁ በሌላ በኩል አወረደን። መንገዱ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች የሚወጡበት ነው፤ ከአንዲት ምንጭ አጠገብ ያልፋል፤ ከዚያ በባሕር ዛፉ ውስጥ ይታጠፋል። ምንጯ ዘንድ ስንደርስ ልጆቹ ውሃ ሲጠጡ፣ እረኛው እጄ ላይ ያለውን ነገር አተኩሮ ያያል። ካርታ መሆኑን ነገርኩት፤ ይኸው እኛ እዚህ ነን ብዬ ቀስቱን አሳየሁት። ወዲያው ገባው፤ ከብዙ ተማሪዎቼ ፈጥኖ ገባው። ከዚያ «የኛ ቤትስ የት ነው?» አለኝ። ካርታውን አሰፋሁት፣ አጠበብኩት። ነጭ ነው። ቤት የለም፣ መንገዱ የለም፣ የቆምንባት ምንጭ የለችም። «እዚህ ላይ የለም» አልኩት። ልጁ ዘወር ብሎ በጉሙ ውስጥ ጭስ የሚታይበትን በጣቱ እያሳየኝ «አለ እንጂ፤ ይኸውና» አለኝ።

አዘጋጅ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ነው። መሪ አያስፈልግም የሚለው አንቀጽ፣ አታስፈልግም የሚለው ይህን ልጅ ነው። ሰዓቱ ያለንበትን ያውቃል፤ ጦሳን ግን የሚያውቀው ልጁ ነው። ካርታው ውስጥ ያልገባውም እርሱ ስላልኖረ አይደለም፤ እኛ የተማርነው ስላላስገባነው ነው።

አገራችንን ሌሎች ለራሳቸው ጉዳይ ሲለኩት ኖረዋል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አጼ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲመጡ መድፍ ብቻ አልያዙም፤ ክሌመንትስ ማርክሃም የተባለ ጂኦግራፈር ነበራቸው፤ ቀያሾቻቸው የጂዳንና የበሽሎን ወንዞች መሻገሪያ በዝርዝር መዝግበዋል። ዛሬ ያንን ለማድረግ ጦር አያስፈልግም። አንድ ተማሪ፣ አንድ ሰዓት ወይም ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የአገሩን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ይበቃል።

በመንደራችን ያለውን እውቀት ብዛት ለማየት እናቴን ምሳሌ ላድርግ። በወጣትነቷ ለመስከረም 21 በእግሯ ግሸን ማርያም ሦስት ጊዜ ሄዳለች። መንገዱን ንገሪን ስንላት በኪሎ ሜትር አትናገርም፤ በውሃና በጥላ ነው የምትናገረው። እዚህ ላይ ውሃ አለ፣ እስከዚያኛው ድረስ የለም፤ ከዚህ ዋርካ ሥር አርፋችሁ ካልተነሳችሁ ዳገቱ ላይ ፀሐይ ያገኛችኋል ትላለች። ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄዱት ጎረቤታችን ሼህም መንገዳቸውን የሚያውቁት እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ ያለ የትኛውም ሰዓት እነዚህን ሁለት መንገዶች እናቴና ሼሁ በሚያውቋቸው ልክ አያውቃቸውም። ሁለቱም አርጅተዋል።

ወደ ሥራው ስመለስ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ክበባችን የቅዳሜ ጉዞውን ቀየረ። አሁን ስንሄድ አንድ ተማሪ ዱካውን በሰዓቱ ይመዘግባል፤ ሌላው በደብተር ስም ይጽፋል፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ያገኘነውን ሰው እየጠየቀች ትክክለኛውን አጠራር ታጣራለች። ምንጭ ስናገኝ ቁልፉን ተጭነን ነጥብ እናስቀምጣለን። የገደሉን አፋፍ በደህና ርቀት ተጉዘን እናሰምራለን። ሰኞ ዱካውን ከሰዓቱ ወደ ኮምፒውተር አውርደን ወደ ካርታው እንጭነዋለን፤ ከዚያ መንገዱን በላዩ ላይ እንስላለን። ለእግር መንገድ፣ ለምንጭ፣ ለገደል የየራሱ ምልክት አለው። የጨመርነው በድረ ገጹ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ሰዓቱ ውስጥ ግን ካርታው ተሠርቶ እስኪታደስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ያን ያህል መጠበቅ ለማይፈልግ ከዚሁ ነጻ ካርታ ለአንዳንድ ሰዓቶች የሚሆን አዲስ ፋይል የሚያዘጋጁ ድረ ገጾች አሉ፤ እኛም የተጠቀምነው በእነርሱ ነው።

ስሙን የምንጽፈው በፊደላችን ነው። በዚህ አጥብቄ ከልጆቹ ጋር ተስማምቻለሁ። በእኔ ሰዓት ላይ ፊደላችን አይነበብም፤ በቦታው ባዶ ሳጥን ይደረድራል፤ ስለዚህ በላቲን ፊደልም እንጨምራለን። ነገር ግን ሐይቅ የሚለው አንድ ስም እንኳ በላቲን ሲጻፍ ሦስት አራት ዓይነት ሆኖ አይቻለሁ። ዋናው ስም በፊደላችን ተጽፎ ካልተቀመጠ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የቦታው ስም የቱ እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም።

ሁሉም ነገር ካርታ ላይ መግባት አለበት ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 2018፣ ስትራቫ የተባለው የሯጮች መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን ዱካ ሰብስቦ ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ፣ ወታደሮች በየካምፓቸው የሮጡበት ዙር ሳይቀር ደምቆ ታይቶ ነበር። ስለዚህ ወታደራዊ ስፍራን አናስገባም፤ የሰው ግቢ ውስጥ ያለውን አናስገባም፤ ተማሪዎቼም ዱካ መመዝገብ የሚጀምሩት ከቤታቸው በር ሳይሆን ከአደባባይ ነው። መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑንም ሰዓት አይናገርም። ይህን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነውና ጠይቀን፣ ሂዱ ከተባልን ብቻ እንሄዳለን።

እንዲህ ዓይነት ሰዓት ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎችም ከልምዴ ጥቂት ልበል። ሻጩ ጂፒኤስ አለው ስላላችሁ ካርታ አለው ማለት አይደለም። በርካሾቹ ላይ የምታዩት በባዶ ጥቁር መስታወት ላይ የተሰመረ የዱካችሁን መስመር ብቻ ነው፤ ወንዝና ኮንቱር የለውም። ካርታ ያለውም ቢሆን ከፋብሪካ ሲወጣ የተጫነበት የሌላ አህጉር ካርታ ሊሆን ስለሚችል፣ የአፍሪካውን በዋይፋይ ማውረድ ያስፈልጋል። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ የመንገዱ ዋዜማ ማታ ልጀምረው ያለ ሰው ካርታ ሳይኖረው ያነጋበታል። ስለ ባትሪው፣ ካርታውን ሁልጊዜ ከፍቶ ማየት ይጨርሰዋል፤ መታጠፊያ ላይ ብቻ ማየት ይበቃል። ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ሰዓት ደግሞ አየሩ ሲለወጥ ሳትንቀሳቀሱ ከፍታችሁን ይለውጠዋል። ስለዚህ ከፍታው በታወቀ ቦታ ላይ ቆሞ ማስተካከል ይገባል። ድንኳን ውስጥ ተኝታችሁ ሰዓቱ ወጣችሁ ካላችሁ ግፊቱ ወርዷል ማለት ነውና ዝናብ ጠብቁ።

በጠባብ ሸለቆ ውስጥም ቦታውን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። የሳተላይቱ ምልክት በገደሉ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ ዱካው ይወላገዳል። አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ምሳዬን ስበላ፣ በሰዓቱ ላይ ወዲህና ወዲያ ማዶ ስሻገር ቆይቻለሁ።

የድሮውን 1፡50,000 ካርታ ይዞ ለሚሄድ ጂኦግራፈር ወንድሜና እህቴ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እኔም ተታልዬበታለሁ። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መነሻ ነው፤ ሰዓቱ የሚሠራው ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በዓለም አቀፉ ነው። ከወረቀቱ የፍርግርግ ቁጥር አንብባችሁ እንዳለ ሰዓቱ ውስጥ ብታስገቡ፣ በአገራችን ከ200 ሜትር የማያንስ ስህተት ላይ ይጥላችኋል። የጦሳን 35 እርምጃ አስቡት። በሰዓቱ ቅንብር ውስጥ አዲንዳንን መምረጥ ከተቻለ እርሱን መምረጥ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀይሮ ማስገባት ነው። ወረቀቱን ግን አትጣሉት። የሰዓቱ መስታወት ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም፤ ቀረብ ስታደርጉት ተራራው አይታይም፣ ራቅ ስታደርጉት መንገዱ ይጠፋል። የአገሩን መልክ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ወረቀት ነው፤ እኛም ከመውጣታችን በፊት ዓርብ ከሰዓት በኋላ እርሱን ከበን እንቆማለን።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ያ አንቀጽ እንዲታረም እፈልጋለሁ። በአምዳችሁ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ሰጥታችሁ ደግሞ አንባቢዎች የሚያውቋቸውን የቦታ ስሞችና የመንገድ ምልክቶች እንዲልኩላችሁ ብትጋብዙ፣ የደላንታው ሰው ስለ በሽሎ መውረጃ፣ የላስታው ሰው ስለ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ምንጮች፣ የቦረናው ሰው ስለ ደንቆሮ ጫካ ቢጽፍላችሁ፣ የእኛ ክበብ ወደ ካርታው የማስገባቱን ሥራ በነጻ ይሠራል። በሌሎች ወረዳዎች ያሉ የጂኦግራፊ መምህራንም በየአካባቢያቸው እንዲጀምሩት እለምናለሁ፤ ለትምህርት የሚሆን ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ አላየሁም።

ባለፈው ጥር ካርታውን በሰዓቴ ላይ አድሼ ብቻዬን ጦሳ ወጣሁ። ልጁን እዚያው ምንጯ አጠገብ አገኘሁት፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። የገደሉ መስመር አለ፤ የሴቶቹ መንገድ በነጠብጣብ ወርዶ ምንጯ ላይ ይደርሳል፤ ከእርሷ በላይ የቤታቸው ትንሽ አራት ማዕዘን ተቀምጣለች። ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈና «ጋሼ፣ የላይኛዋን ምንጭ ግን አላስገቧትም፤ በበጋ ይቺ ስትደርቅ የምንቀዳው ከእርሷ ነው» አለኝ። በመጪው ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እርሷን ልናስገባ እንወጣለን፤ የሚመራን እርሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህር፣ ደሴ